የኤቢኤስ መብራት ሲበራ፦ ከሴንሰሩ በፊት የሚጠረጠሩት

ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርድ ሹፌር በአንድ ጉዞ ደጋውን ለቆ ቆላ ይገባል። አይከል ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ በገንዳ ውሃ ዙሪያ ያለው የመተማ ወረዳ መሬት ደግሞ ከ550 እስከ 1600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት በርቶ አልጠፋ ሲል፣ ባለመኪናው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ቀይረው» ይባላል። አዲስ ሴንሰር ይገዛል፣ ይታሰራል፣ በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይህን ብልሽት ቤት ሆኖ ምን ያህል መመርመርና መጠገን ይቻላል የሚል ነው። ለገንዳ ውሃ ሰው ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ትክክለኛ መለዋወጫ ፍለጋ ጎንደር መውጣት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነው፤ እዚያ ከታጣ ባሕር ዳር፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ መላክ ይመጣል። መኪናውም በቀላሉ የሚተካ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ በእጅ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባት። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ከጉዳዩ አላመለጠም፤ የእሱም ጎማዎች ላይ ያው ሴንሰር አለ።

ኤቢኤስ ምን ይሠራል? ያስፈልገናልስ?

ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው መዞሩን አቁሞ መንሸራተት ከጀመረ መኪናው መሪ አይሰማም። ኤቢኤስ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። በየጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር የጎማውን ፍጥነት ለመቆጣጠሪያው ክፍል ያቀብላል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ሊቆም ሲል፣ መቆጣጠሪያው የዚያን ጎማ የፍሬን ግፊት በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀ መልሶ ይይዛል። ያን ጊዜ እግር ላይ የሚሰማው መርገብገብ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው።

ሐሳቡ መጀመሪያ የአውሮፕላን ነበር። የእንግሊዙ ደንሎፕ «ማክሳሬት» የተባለውን የአውሮፕላን ፍሬን መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለገበያ አቀረበ። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ገጠመ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አምራቾች በገቡት ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ኤቢኤስ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

በጥቅሙ ላይ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ለቆላው ሰው ባዕድ አይደለም። በልል ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠር እየከመረ መኪናውን ያቆማል፤ ኤቢኤስ ጎማው እንዲዞር ስለሚያደርግ የማቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝም ይችላል። ወደ ቋራና ወደ እርሻ ጣቢያዎች በሚገቡ የጠጠር መንገዶች የሚመላለሱ አንዳንድ ሹፌሮች «ያለሱ ይሻላል» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ ኤቢኤስ ሞት ባላስከተሉ አደጋዎች ላይ በአውቶሞቢሎች 6 በመቶ፣ በፒክ አፕና መሰል መኪኖች 8 በመቶ ቅነሳ ማምጣቱን አሳየ፤ በሞት አደጋዎች ላይ ግን ጠቅላላ ውጤቱ ከዜሮ የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሙኒክ ውስጥ በታክሲዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ኤቢኤስ ያላቸው ሹፌሮች በመሣሪያው ተማምነው ይበልጥ ደፍረው ሲነዱ፣ የአደጋው ቁጥር እንዳልቀነሰ ታዘበ።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ልከኛ ነው። ኤቢኤስ ተአምር አይሠራም። ነገር ግን በዝናብ በረጠበ አስፋልት ላይ ከብት ድንገት ሲገባ፣ ፍሬን ይዞ መሪ ማዞር የሚቻለው በእሱ ነው። ሹፌሩ የጠጠር መንገዱን አይቶ ፍጥነቱን መቀነስ ይችላል፤ ድንገት የሚገባውን በሬ ግን አስቀድሞ አያይም። ስለዚህ ቢጠገን ይሻላል።

የቆላው ተጠርጣሪዎች

ስለዚህ ብልሽት የሚገኘው አብዛኛው የጥገና ምክር የመጣው ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚረጭባቸው አገሮች ነው። እዚያ ዋናው ጠላት ዝገት ነው፤ ዝገቱ ሴንሰሩን ከመቀመጫው ገፍቶ ያርቀዋል፣ ሴንሰሩ የሚያነበውን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ባለጥርስ ቀለበት ሰንጥቆ ይጥለዋል። መተማ ላይ ጨው የሚረጭ የለም። እዚህ ያሉት ጠላቶች ሙቀት፣ አቧራ፣ ጭቃና የመንገድ ንዝረት ናቸው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሙቀት ከፍሬኑ ግለት ጋር ተደምሮ የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋል፤ ባትሪንም ያለ ዕድሜው ይገድላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ወደሚጣበቅ ጭቃ ይለውጠዋል። ጭቃው በጎማው ውስጠኛ ገጽ ተለጥፎ ሲደርቅ ሽቦውን ይጎትታል፣ የቀለበቱን ጥርሶች ይሞላል። በሰሊጥና በማሽላ አጨዳ ወቅት በማሳ ውስጥ የሚያቋርጥ መኪና ሥሩ ያለውን ሽቦ አገዳ ሊይዝበት ይችላል። መኪናው ለረጅም ጊዜ ከቆመ አይጥም አለች።

እንግዲህ መብራቱ ሲበራ የሚጠረጠሩት ብዙ ናቸው፦ የደከመ ባትሪ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የማይበራ የፍሬን መብራት፣ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች፣ የቆሸሸ ወይም የተሰበረ ቀለበት፣ ያረጀ ኩሽኔታ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ የረጠበ ሶኬት፤ በመጨረሻም ራሱ ሴንሰሩ። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ በሚያስወጣው ላይ አስቀድሞ መፍረድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ቢጫና ቀይ

ምርመራው የሚጀምረው ከዳሽቦርዱ ነው። ቁልፍ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት በርቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረና ቢጫው ብቻውን ከሆነ ኤቢኤስ ራሱን አግልሏል፤ ተራው ፍሬን ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ረጋ ብሎ መንዳት ይቻላል።

ቢጫው ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራ ነገሩ ሌላ ነው። የእጅ ፍሬኑ አለመያዙንና የፍሬን ዘይቱ አለመጉደሉን ማየት ይገባል። ሁለቱም ደኅና ሆነው ቀዩ ካልጠፋ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ግፊት የሚያከፋፍለው ሥርዓት ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ተቆልፈው መኪናውን ሊያዞሩት ይችላሉ። በአንዳንድ ላንድክሩዘርና ፕራዶ ላይ ደግሞ የፍሬን ማጠናከሪያውና ኤቢኤሱ በአንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሚሠሩ፣ ሁለቱ መብራቶች አብረው መብራታቸው ፍሬኑ ራሱ ሊደክም መሆኑን ይነግራል። እንዲህ ባለ መኪና የአይከልን ቁልቁለት መውረድ አይገባም።

ሦስተኛው ምልክት መብራት የለውም። መኪናው በደረቅ አስፋልት ቀስ ብሎ ሊቆም ሲል፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት፣ ፔዳሉ ከተርገበገበ አንዱ ሴንሰር ደካማ ምልክት እየላከ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቆሻሻ ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት ይሆናል።

ጎማ ሳይፈታ የሚታይ

ቴስተር ያለው ሰው ከባትሪው ይጀምር። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከሆነ ባትሪውና ዲናሞው ነጻ ናቸው። ቀጥሎ ፊውዞቹ፣ ከኋላ ደግሞ የፍሬን መብራቶቹ ይታያሉ፤ መቆጣጠሪያው ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው ከፔዳሉ ስዊች በሚመጣ ምልክት ነው። አራቱ ጎማዎች መጠናቸው አንድ መሆኑም ይታይ። ትንሽ ጎማ በፍጥነት ስለሚዞር መቆጣጠሪያው ሴንሰር የተበላሸ ይመስለዋል።

ከዚያ የትኛው ጎማ እንደሆነ መለየት ነው። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ የብሉቱዝ አንባቢዎች በአብዛኛው የሞተር ኮድ እንጂ የኤቢኤስ ኮድ አያነቡም። ስካነር የምትገዙ ወይም የምትዋሱ ከሆነ ኤቢኤስ ማንበቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስካነር ለሌለው ግን ብዙ ቶዮታዎች መላ አላቸው። ከመሪው ሥር ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት አለ፤ ከላይኛው ረድፍ ከግራ 4ኛው፣ ከታችኛው ረድፍ ከግራ 5ኛው (ቁጥሩ 13 ነው) ቁልፍ ተዘግቶ ሳለ በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ። ከዚያ ሞተር ሳይነሣ ቁልፍ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥራል። ሦስት ብልጭታ፣ አጭር ዕረፍት፣ ከዚያ አንድ ብልጭታ 31 ነው። 31 የቀኝ ፊት፣ 32 የግራ ፊት፣ 33 የቀኝ ኋላ፣ 34 የግራ ኋላ ጎማ መስመር ነው፤ ቀኝና ግራ የሚለየው ከሹፌሩ መቀመጫ ወደ ፊት ሲታይ ነው። 41 የባትሪ ቮልት ችግር ነው። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የታችኛው ረድፍ የመጨረሻ ቀዳዳ፣ 16ኛው፣ ቀጥታ ከባትሪ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሽቦው እንዳይነካው።

ኮዱ የሚከሰው መስመሩን እንጂ ዕቃውን አይደለም። «31» ማለት ከቀኝ ፊት ጎማ ትክክለኛ ምልክት አልመጣም ማለት ብቻ ነው። ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ቀለበቱና ኩሽኔታው ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር አሉ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጎማ ተፈቶ የሚታይ

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ክረምት ላይ በጥቁር አፈር ክሪክ ብቻውን ስለሚሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ያስፈልገዋል። መኪናው ከተነሣ በኋላም በመደገፊያ ይያዝ እንጂ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅም ጭንቅላትም አይገባም። ከመንገድ የመጣ ከሆነ ፍሬኑ እስኪበርድ ይጠበቅ።

ጎማው ሳይፈታ ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ነው። የሚላወስ ወይም ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው አርጅቷል፤ የሴንሰሩና የቀለበቱ ርቀትም እየተለዋወጠ ነው። ከዚያ ጎማው ይውጣና ሽቦው ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ በጣት ይከተሉት። መሪ ሲዞር የሚታጠፍበትና በብረት መያዣ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ብዙ ይቆረጣል፤ ልባሱ ደኅና መስሎ ውስጡ የተበጠሰም አለ።

አሁን ሴንሰሩ ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል። የቆየው ዓይነት ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይቀበልም፣ ጥርስ ያለው ብረት በፊቱ ሲያልፍ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በቴስተር ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ1000 እስከ 2000 ኦም አካባቢ ያሳያል። ዋናው ነገር ከሌላው ጎን ካለው ጓደኛው ጋር መቀራረቡ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ተነካክቷል። ቴስተሩ ወደ ኤሲ ቮልት ተዛውሮ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። የሚያመነጭ ሴንሰር ሕያው ነው።

አዲሱ ዓይነት ከመኪናው ከ5 እስከ 12 ቮልት እየተቀበለ የሚሠራ ነው። ብዙ ጊዜ የብረት ጥርስ የለውም፤ ማግኔቱ በኩሽኔታው ክዳን ላይ የተለጠፈ ቀጭን ቀለበት ነው። ይህኛው በኦም አይለካም፤ ውጤቱ ትርጉም የለውም፣ ሊጎዳም ይችላል። የሚለካው ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፍ ሲከፈት ከመኪናው በኩል ኤሌክትሪክ መምጣቱ ነው። ካልመጣ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወዲያ ነው፤ ከመጣ ግን ሴንሰሩን በእርግጠኝነት የሚመረምረው ፍጥነት በቀጥታ የሚያሳይ ስካነር ነው። አራቱን ጎማዎች እያዩ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ዜሮ ላይ የቀረውን መያዝ ነው።

መብራቱ የበራው ኩሽኔታ ወይም ጎማ አዟሪው ዘንግ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩን መጠርጠር ስሕተት ነው። ማግኔት ያለው ኩሽኔታ ሁለት ገጽ አለው፤ ተገልብጦ ከገባ ሴንሰሩ የሚያነበው ነገር የለም። በመዶሻ ተመትቶ ከገባም ቀለበቱ ይጎዳል። አዲስ የመጣው ዘንግ የኤቢኤስ ጥርስ የሌለው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

መጠገን

ርካሹ ጥገና ጽዳት ነው። ሴንሰሩ ብሎኑ ተፈትቶ በጥንቃቄ ይወጣል፤ ካልወጣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተረጭቶበት ይጠበቃል እንጂ በካቻቢቴ አይፈነቀልም፣ ፕላስቲኩ ይሰበራል። ማግኔት ያለበት ሴንሰር ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ይሰበስባል፤ በጨርቅና በፍሬን ማጽጃ ይጠረጋል። የመቀመጫው ቀዳዳ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይጸዳል፣ የቀለበቱ ጥርሶች ደግሞ በለስላሳ ብሩሽ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቀጥታ ሴንሰሩና ሶኬቱ ላይ አይለቀቅ፤ ጭቃ ሊያወጣ ገብቶ ውኃ ያስገባል።

የተቆረጠ ሽቦ ከጎማው ርቆ፣ በማይታጠፍ ቦታ ላይ ከሆነ በብየዳ ተያይዞ ውኃ በማያስገባ ልባስ ሊሸፈን ይችላል። ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ የመጀመሪያውን ዝናብ አያልፍም። በሚታጠፈው ክፍል ላይ ግን ቅጥያ አይቆይም፤ ሴንሰሩን ከነሽቦው መቀየር ይሻላል። ሲገዛ የዕቃው ቁጥር፣ ጎኑና የሽቦው ርዝመት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ወይም ፎቶውን ከነቁጥሩ መላክ ሁለተኛ ጉዞ ያስቀራል። ያገለገለ ኦሪጅናል ከኮፒ አዲስ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ማግኔት ብቻ የሆነው ዓይነት ከሆነ ሱቁ በር ላይ በቴስተር ለክቶ መግዛትም ይቻላል።

በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች የራሳቸው ቀላል ጥገና አላቸው። ሴንሰሩ በብሎን ሳይሆን በተጣባቂ ቀለበት ይያዛል፤ በንዝረት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በእጅ ተገፍቶ ጥርሱን እስኪነካ ይገባል፣ ከዚያ ጎማው ሲዞር ራሱ ልኩን ያበጃል። ጎማው በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ሲሽከረከር ሴንሰሩ ቢያንስ 0.2 ቮልት ኤሲ ማመንጨት አለበት። በካቻቢቴ ወይም በመዶሻ መግፋት ሴንሰሩን ይሰብረዋል።

ሥራው ሲያልቅ ኮዱ ይሰረዛል። ከላይ በተባሉት ቶዮታዎች ሽቦው እንደተገናኘ ቁልፍ ተከፍቶ የፍሬን ፔዳል በ5 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜ ይረገጣል። ከዚያ ሰውና ከብት በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ተነድቶ ይሞከራል። አንዳንድ መኪና መብራቱን የሚያጠፋው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ቤት የማይሠራ፣ የትም የማይሠራ

የኤቢኤስ ፓምፕና መቆጣጠሪያ ክፍል ቤት አይከፈትም። በውስጡ የገባን አየር ብዙ ጊዜ በስካነር ካልሆነ በእግር ብቻ ማስወጣት አይቻልም፤ ግፊት የሚያጠራቅመው ዓይነት ደግሞ የሚፈታውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ኩሽኔታ መቀየርም መጭመቂያ ማሽን ላለው ጋራዥ ይተው።

የትም ሊሠራ የማይገባው ደግሞ መብራቱን መደበቅ ነው። አምፖሉን ማውለቅ፣ በላስቲክ መሸፈን፣ ወይም ከሞተር ዘይት መብራት ጋር አገናኝቶ አብሮ እንዲጠፋ ማድረግ ጥገና አይደለም፤ ቀጣዩን ገዢ ማታለል ነው። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ ሞተር ሳይነሣ ቁልፉን ከፍታችሁ ተመልከቱ። የኤቢኤስ መብራት ጭራሽ ካልበራ ተወግዶ ሊሆን ይችላል። የሚጠፋው ሞተር ሲነሣ ብቻ ከሆነ ከሌላ መብራት ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛው መብራት ብዙ ጊዜ ሞተር ባይነሣም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱን ችሎ ይጠፋል።

ድምዳሜ

ምርመራው ከሞላ ጎደል ቤት የሚያልቅ ነው፤ አንድ ቴስተር፣ ክሪክ፣ መደገፊያና ጥቂት ቁልፎች ይበቃሉ፣ ለአዲሱ ዓይነት ሴንሰር ብቻ ስካነር ይጨመራል። ጥገናው ደግሞ በከፊል፤ ጽዳት፣ ሽቦና ሴንሰር የባለመኪናው፣ ኩሽኔታ የጋራዡ፣ ፓምፕና መቆጣጠሪያ የባለሙያው ነው። በቆላው መንገድ ሴንሰር መግዛት የምርመራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ መሆን የለበትም።

መለዋወጫው እስኪመጣ የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። ኤቢኤስ የሌላት መኪና ጎማዋ ሲንሸራተት ፔዳሉን ለቀቅ አድርጎ መልሶ መርገጥን ትፈልጋለች፤ የተጠገነችው ደግሞ አጥብቆ ረግጦ አለመልቀቅን። በአሮጌ መኪና የሠለጠነ ሹፌር በኤቢኤስ መኪና ላይ ፔዳል እየለቀቀ ሲረግጥ የማቆሚያውን ርቀት ራሱ ያስረዝመዋል። ስለዚህ መኪናችሁን ለሌላ ሰው ስታውሱ ቢጫው መብራት መብራቱን ሳትነግሩት ቁልፉን አትስጡት።